ጋሽ ዳና የሞቁት ሳጥን

ጋሽ ዳና መዳፋቸውን ዳንቴሉ ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «እሰይ! ይህ ቤት እንዴት ያለ ደስ የሚል ሙቀት አለው!» ያሉ ጊዜ ነው ጉዴ መፍላቱን ያወቅኩት።

ጊዜው ሰኔ ነው። የዳሞታ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሶ ቆፈኑን ሁሉ ወደ ሶዶ የለቀቀበት የእሑድ ጠዋት። ሳሎናችን ደግሞ ምድጃ የለው፣ ከሰል የለው፤ የሚሞቅበት ምክንያት የለውም። ካለም አንድ ብቻ ነው። እሱም ከጋሽ ዳና መዳፍ በታች፣ ከዳንቴሌ በታች፣ ከዳንቴሉም ሥር ካነጠፍኩት ላስቲክ በታች ያለው የልጄ ሳጥን ነው።

«አዎ... ቤታችን ይሞቃል» አልኩ።

«የተባረከ ቤት ነው!» አሉና ሌላውንም እጃቸውን ጨመሩበት።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሆነው ሁሉ ቅዠት ይመስላችኋል። አልማዝ እባላለሁ። ያደግሁት ሻንቶ ነው። ትምህርት ቤት የሄድኩት ፊደል ለይቼ ስሜን መጻፍ እስክችል ድረስ ነው፤ የቀረውን ልጄ ተማረችልኝ። ይህንንም ስጽፍ ቃሉ የኔ ነው፣ ፊደሉን ያቃናችው እሷ ናት። ባለቤቴ ማቴዎስ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እኔ ዳንቴል እሠራለሁ። ዳንቴል ከመሥራት የተረፈኝን ጊዜ ደግሞ እፈራለሁ።

ፈሪ ስላችሁ እንደ ሌላው ሰው ፈሪ አይደለም። መብረቅ እፈራለሁ፣ የጋዝ ሲሊንደር እፈራለሁ፣ የማላውቀው ቁጥር ሲደወል ስልኩን ትራስ ሥር ከትቼ እወጣለሁ። የፈራሁትን ነገር ደግሞ አለብሰዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፤ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፤ ሪሞቱ ከተገዛ ጀምሮ ከላስቲኩ ወጥቶ አያውቅም። ማቴዎስ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ብድግ ይልና «ሳታለብሺኝ ልነሣ» ይላል።

ልጃችን ምሕረት እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ሥራዋ አንድ ሳጥን ነው። ኮምፒውተር ማለት እኔ የማውቀው ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን ትልቁን ነው። እሷ ግን የጫማ ካርቶን የምታክል፣ ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ሙቀትና አቧራ ባለበት ቀበሌ የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ልሥራ አለችና፣ ሳጥኑን ራሷ ነድፋ ከብየዳ ቤት በላሜራ አሠርታ ይዛ ከተፍ አለች። የዝገት መከላከያ የሚባለውን ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከታች ቀዳዳ፣ ከላይ ቀዳዳ።

«እማዬ፣ ገምግሚልኝ» አለችኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ።

«እኔ ምኑን አውቄ?»

«ቅርፁን። ቤትሽ ውስጥ ብታገኚው ምን ትያለሽ?»

ዞርኩት። «ወንፊት ነው የሚመስለው። ደግሞ አናቱን ለምን በሳሳሽው? የሚያፈስ ጣሪያ!»

ሳቀች። «እንዲተነፍስ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከታች ይገባል፣ የውስጡን ሙቀት ይዞ በአናቱ ይወጣል። ትኩስ ነገር ወደ ላይ አይደል የሚሄደው? ትልቁ ሳጥን ውስጡ ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ይበተናል። ትንሹ ውስጥ ግን ዕቃው ሁሉ ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው። የአየሩ መንገድ ከተዘጋ አለቀ።»

«እንደ ሻንቶ ሚኒባስ ነዋ» አልኩ። «በገበያ ቀን፣ መስኮቱ አልከፈት ሲል።»

«እንደሱ! በትክክል እንደሱ!»

አያችሁ? ገብቶኝ ነበር። እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቀላው ይኸው ነው። ሳይገባኝ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ አለማወቄን አሳብቤ በተገላገልኩ። እኔ ግን በሚኒባስ ጭምር አስረድቻለሁ።

ሳጥኑ ሳሎናችን የተቀመጠበት ምክንያት አለው። የሚያማክራት መምህር «ቤተ ሙከራ ውስጥ ቢሠራ ምን ይደንቃል? ተራ ሰው ቤት አስቀምጪና ሥራ አብዝተሽበት ሙቀቱን እዪ» ብሏታል። ተራ ሰው ማለት እኔ ነኝ። እናም ያን እሑድ ጠዋት ሳጥኑን ከግድግዳው ሥር ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ከባድ ሥራ ሰጥታው፣ ከጓደኞቿ ጋር ልታጠና ስትወጣ በር ላይ ቆማ አስጠነቀቀችኝ።

«እማዬ፣ እስክመጣ ሳይጠፋ መሥራት አለበት። እንዳትነኩት። ውስጡ ያለው ዕቃ ከዩኒቨርሲቲ በውሰት የመጣ ነው፤ ቢቃጠል ምትክ የለኝም። ማክሰኞ መምህራኑ ፊት ካልቀረበ ዘንድሮ ምርቃት የለም።»

«ማን ይነካዋል!» አልኩ። ተቆጣሁ እንኳ።

የሄደችበት ባጃጅ ድምፅ ገና ከጆሮዬ ሳይርቅ የማቴዎስ ስልክ ጮኸ። አነጋገረና ስልኩን ዘግቶ ሸሚዙን ይፈልግ ጀመር።

«ምን ሆንክ?»

«ሰዎች እየመጡ ነው። ያ የቦዲቲው ልጅ፣ ተመስገን የሚባለው፣ ሽማግሌ ልኳል። መንገድ ላይ ናቸው።»

ተመስገንን አላየሁትም፤ ግን ምሕረት በስልክ ስታወራው ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አይቻለሁ። እናት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች? ደስታም ድንጋጤም ባንድ ላይ ወጠረኝ። ቤቱን ጠረግሁ፣ ወንበር አስተካከልሁ፣ ጎደሬ ጣድሁ። ከዚያ በሽማግሌ ዓይን ሳሎኑን ዞር ብዬ አየሁት። ሁሉም ያምራል። ያ ቀይ ወንፊት ብቻ አፍጥጦ ይመለከተኛል።

«ይህን አይተው ቦዲቲ ምን ብለው ያወራሉ?» አልኩ ለራሴ። «ቆርቆሮ ሳሎን የሚያስቀምጡ ሰዎች ናቸው አይሉም?»

አልነካሁትም! ይህን እወቁልኝ። በእጄ አልነካሁትም። አለበስሁት እንጂ። ለልጄ ሠርግ ብዬ ያስቀመጥሁትን ነጭ ዳንቴል አወጣሁ። ቀዩ ቀለም ዳንቴሉን እንዳያበላሸው ከሥሩ ላስቲክ አነጠፍሁ። ከላይ የላስቲክ አበባዬን ከነማስቀመጫው፣ ከጎኑ የእኔንና የማቴዎስን የሠርግ ፎቶ አኖርሁ። ራቅ ብዬ አየሁት። ያምር ነበር። የፈለጋችሁትን በሉኝ፣ ያምር ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ተናጋሪው ጋሽ ጴጥሮስ፣ በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ዳና፣ እና ከዓይናቸው በቀር የማይናገሩ አንድ መምሬ። «ሳሮ፣ ሳሮ» እየተባባልን፣ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳምን ገቡ።

«አረፍ በሉ» አለ ማቴዎስ።

«ቆመን ነው የምንነጋገረው» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። «የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም።»

ደንቡ ነው። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈታ አይቀመጥም፤ የልጅቱም ቤተሰብ ቶሎ «እሺ» አይልም። ቶሎ የሰጠ ሰው ልጁ የሰለቸችው ይመስላል። ስለዚህ እነሱ ቆመው ይለምናሉ፣ እኛም ቆመን እንኩራራለን። ይህን የሚያህል ያማረ ነገር የለም፤ ሳሎኑ ውስጥ የሚቃጠል ነገር ከሌለ።

ጋሽ ዳና ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መቀመጥ ባይፈቀድላቸው መደገፍ አልተከለከለምና ወደ ግድግዳው ሄዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አበባው አጠገብ፣ በዳንቴሉ መሀል አስቀመጡት። ከዚያ ያን ያልኳችሁን ነገር አሉ፤ «እሰይ! ይህ ቤት እንዴት ያለ ደስ የሚል ሙቀት አለው!»

ጆሮዬን ቀሰርሁ። ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ከሩቅ እንደሚሰማ ንብ ነበር። አሁን ወደ ዳሞታ ሰው ጭና የምትወጣ ባጃጅ ሆኗል። ያን ጊዜ የምሕረት ቃል ባንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ትኩሱ በአናቱ ይወጣል። በአናቱ! አናቱ ላይ ደግሞ ምን አለ? ላስቲክ አለ፣ ዳንቴል አለ፣ አበባ አለ፣ እኔና ማቴዎስ ሙሽሮች ሆነን አለን፣ ባርኔጣ አለ፣ ጋሽ ዳና አሉ።

«አቶ ማቴዎስ፣ ወይዘሮ አልማዝ» ጀመሩ ጋሽ ጴጥሮስ፣ «ከቦዲቲ ተነሥተን እዚህ የደረስነው መንገድ ጠፍቶን አይደለም...»

ማንሳት ነው እንጂ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። እስቲ እናንተ አንሱት! እናቴ ያሳደገችኝ ቆሞ የሚለምንን ሽማግሌ ባርኔጣ ካስቀመጠበት ማንሳት «ውጣልኝ» ማለት ነው እያለች ነው። ባርኔጣውን ባነሳ የልጄን ትዳር በረገጥሁ፤ ባላነሳ ምርቃቷን ላቃጥል ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬቱም ከጋሽ ዳና እግር ኋላ ነው።

የሳጥኑ ድምፅ እየበረታ ሲሄድ ጋሽ ጴጥሮስም ድምፃቸውን ከፍ፣ ከፍ አደረጉ። በመጨረሻ አቆሙና «ሰፈሩ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለ እንዴ?» አሉ።

«ፍሪጁ ነው» አልኩ ፈጥኜ።

ሁላችንም ወደ ፍሪጁ ዞርን። ዳንቴሉን ለብሶ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ከተበላሸ ቆይቷል፤ ውስጡ ያለው ሽንኩርትና የኔ የክር ጥቅል ነው። ማቴዎስ ይህን ስለሚያውቅ እንደ እብድ አየኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መብራት እንዲጠፋ ጸለይሁ። በሌላው ቀን ሻይ እንኳ ሳይፈላ የሚጠፋው መብራት ያን ጠዋት ጽናቱን ሰጠው። አምፖሉ ፍንክች አላለም።

ያለኝ ተስፋ ማቴዎስ ብቻ ነው። ጠጋ አልሁና ክንዱን ቆነጠጥሁት። በዓይኔ ሳጥኑን አሳየሁት። እሱ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ያሳየሁት መሰለው። ልጁን አልወደደችውም ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ከበደ።

«ልጅቷ ገና ተማሪ ናት» አለ። «የእናቷን ወገን ሻንቶ ሄደን ማማከር አለብን።»

ራሴን በኃይል ነቀነቅሁ። አይደለም!

«የኔም ወገን አለ፤ አረካ።»

ደግሜ ቆነጠጥሁት።

«በዚህ በኩል ደግሞ የአባቴ ወንድም ልጆች አሉ!» ብሎ ጮኸ፣ ሕመሙ ይሁን ክብሩ እንጃ።

«እንጠብቃለን» አሉ ጋሽ ዳና በደስታ። «እኔ እንኳ እዚህ ከቆምኩ እስከ ማታ እጠብቃለሁ። እንዲያውም ጉልበቴን ላስጠጋው።» ዞር ብለው የሚያማቸውን ጉልበት የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አውጥተው ሳጥኑ ጎን ላይ ለጠፉት። «ኦ-ሆ-ሆይ! ይህስ ፍል ውኃ ነው!»

ያን ጊዜ ሽታው መጣ። ምድጃ ላይ የተረሳ ላስቲክ ሽታ ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ የአበባ ማስቀመጫዬ፣ እሷም ላስቲክ ናት፣ ከሥሯ ለስልሳ ዘመም አለች። ቀያይ ጽጌረዳዎቼ ቀስ እያሉ፣ እንደ ሰው፣ ለጋሽ ጴጥሮስ ንግግር አንገታቸውን ደፉ። ይህን ያየነው እኔና መምሬ ብቻ ነን። መምሬ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ያን ቀን ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያው ቃል ነው።

ማክሰኞ ታየችኝ። ልጄ ባዶ እጇን መምህራኑ ፊት ቆማ፤ «ሳጥንሽስ?» ሲሏት፤ «እናቴ አበሰለችው» ስትል።

«...ስለዚህም» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ፣ «ልጃችን ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ከልደቱ ጀምሬ ብነግራችሁ...»

«ሰጥተናል!» ብዬ ጮኽሁ።

ሳጥኑ ብቻ ያጓራል።

«አልማዝ!» አለ ማቴዎስ።

«ሰጥተናል አልኩ! ተቀመጡ! ሁላችሁም ተቀመጡ! ጋሽ ዳና፣ እዚያ፣ ራቅ ብለው፣ ሶፋው ላይ!»

«ግን እኮ ገና ሐሳቤን አልጨረስኩም» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ ቅር ብሏቸው።

«ጨርሰዋል! በማርያም ቁጭ በሉ!»

ጋሽ ዳና እያዘኑ ከሳጥኑ ተላቀቁና ባርኔጣቸውን ራሳቸው አንሥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ተወረወርሁ። ፎቶውን ወዲያ፣ አበባውን ወዲህ፣ ዳንቴሉን ገፈፍሁ። ላስቲኩ ቀዳዳዎቹ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅም አለ። በጥፍሬ ስፍቀው ከሳጥኑ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ዝም አለ። ንቡም፣ ባጃጁም፣ ሁሉም ጭጭ።

ጩኸቱ ሲያስፈራኝ ነበር፤ ዝምታው ግን ባሰ። ገመዱን ነቅዬ ሳጥኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌ ወደ በረንዳ ሮጥሁ። ከኋላዬ የጋሽ ዳናን ድምፅ ሰማሁ፤ «ምነው፣ ጥሎሹን ካሁኑ ይዛ ጠፋች?»

በረንዳው ላይ አስቀምጬው ማድረግ የምችለውን አደረግሁ። ሰፌድ አምጥቼ ማራገብ ጀመርሁ።

ማቴዎስ ተከትሎኝ ወጣ። «ልጅቷን በገዛ አፍሽ ሰጠሻት? ባንድ ጊዜ ልመና? ሳይደክሙ?»

«ሳጥኑ ሊቃጠል ነበራ!»

«ለሳጥን ብለሽ ልጅ?»

«የልጅቷ እኮ ነው ሳጥኑ!»

ራሱን ይዞ ተመለሰ። እንግዶቹን ጎደሬ በሚለበልብ ዳጣ እያበላ፣ ለምሕረት ደውሎ «እናትሽ ዘንድ ነይ» ብቻ ብሎ ዘጋ። እንዲህ ተብሎ ይደወላል? ልጄ የሞትሁ መስሏት በባጃጅ እየበረረች መጣች። በሩን ከፍታ ስትገባ ያየችው እናቷን ነው፤ መሬት ተቀምጣ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ኮምፒውተር በሰፌድ ስታራግብ።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ሁለት ነገር ነው ያጠፋሁት። የቱን ልንገርሽ?»

«ሳጥኑ ለምን እዚህ ወጣ? ይህ አናቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ላስቲክ።»

«የምን ላስቲክ?»

«የዳንቴሉ።»

ጎንበስ ብላ የተጣበቀውን ላስቲክ አየችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከሳሎን የጋሽ ዳና ሳቅ መጣ።

«እነማን ናቸው?»

«ሁለተኛው እሱ ነው» አልኩ። ሰፌዱን ፊቴ ላይ ከለልሁ። «የተመስገን ሽማግሌዎች ናቸው። ሰጥቼሻለሁ።»

«ምን?»

«ጋሽ ዳና ሳጥኑን አልለቅም አሉ! ካልተቀመጡ አይላቀቁም፣ ካልሰጠን አይቀመጡም። ምን ላድርግ?»

ምሕረት ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ትንሽ መፍቻ አውጥታ ሳጥኑን ከፈተች፣ የቀለጠውን ላስቲክ በጥፍሯ እየላጠች፣ ውስጡን እያሸተተች፣ ትንሽ ትንሹን ዕቃ በጣቷ እየነካካች። እኔ እጇን አያለሁ። እንዲቀዘቅዝ ጠበቅን። በመጨረሻ ገመዱን በመስኮቱ አሳልፋ ሰካችው።

ምንም የለም።

«ሞተ» አልኩ።

«እማዬ፣ ማብሪያውን ገና አልጫንኩትም።»

ጫነችው። አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ከዚያ ያ ንብ፣ ያ ደጉ ንብ፣ ከሩቅ መጣ። ሳጥኑን አቅፌ ልስመው ስል «እንዳታለብሺው!» ብላ እጄን ያዘችኝ።

«ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ራሱን እንዲያጠፋ አድርጌ ነው የሠራሁት» አለች። «አልተቃጠለም። ተቆጥቶ ተኛ እንጂ።»

ከዚያ የተላጠውን ላስቲክ አንሥታ በብርሃን አየችው። የቀዳዳዎቹ ምልክት አንድ በአንድ ታትሞበታል። ፊቷ ተለወጠ። ቁጣ ጠበቅሁ፤ ጥያቄ መጣ።

«ለምን አለበስሽው? የምርሽን ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

«አናቱ ሜዳ ነዋ!» አልኩ። «ሜዳ ነገር ባዶውን ሲቀመጥ ይደብራል። ደግሞም አላውቀውም፤ ያስፈራኛል።»

«ሌላም ሰው ቤት ቢሆን ይለብሳል ማለት ነው?»

«የማን ቤት አይለብስም? ፊት ለፊት ያሉትን ሂጂ እዪ። የቀበሌውን ጸሐፊ ጠረጴዛ እዪ። ዳንቴሉን ማን የሠራላት ይመስልሻል?»

መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ስትስቅ ነው። «መምህሬ ተራ ሰው ቤት አስቀምጪው ያለኝ ለካ ለዚህ ኖሯል!» አለች።

ስለ ሁለተኛው ጥፋቴ ግን አልሳቀችም። «ተመስገንን እወደዋለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ሳልመረቅ እንዳትልክ ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም። አሁን ገብተሽ ንገሪያቸው። አንቺ ሰጥተሻል፤ እኔ ገና አልሰጠሁም። ተመርቄ የምለውን እላለሁ።»

ሰው የሰጠውን ልጅ መልሶ ሲቀበል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገባሁና ተቀበልሁ። ላቤ እየወረደ የልጄን ቃል ተናገርሁ። ማቴዎስ ፊቱን ወደ ፍሪጁ አዞረ። ጋሽ ጴጥሮስ ግን ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ።

«እንግዲያውስ ተመልሰን እንመጣለን ማለት ነው!» አሉ። «ሐሳቤንም ያን ጊዜ እጨርሳለሁ!»

ጋሽ ዳና ሲወጡ ሳጥኑን በረንዳው ላይ አይተው ቆሙ፤ «ይህ ነው እንዴ የሞቅሁት? ልጄ፣ ለጉልበት የሚሆን እንዲህ ያለ ሌላ ትሠሪልኛለሽ?» አሏት። ምሕረት ጉልበታቸውን ስማ ሸኘቻቸው።

ሰኞ ብየዳ ቤት ዋለች። ማታ ስትመለስ ሳጥኑ አዲስ አናት ነበረው፤ እንደ ቆርቆሮ ቤት ክዳን በሁለት በኩል የተዘቀዘቀ። ቀዳዳዎቹም ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ወደ ጎን ዞረዋል።

«እማዬ፣ ነይ ፈትኚው» አለችኝ።

«በምን?»

«በዳንቴል።»

ማቴዎስ እንኳ ሊያይ ወንበሩን አስጠጋ። ዳንቴሉን አለበስሁት፤ ሸርተት ብሎ ወደቀ። ደግሜ አለበስሁት፤ ወደቀ። የተረፈችውን አበባ አስቀመጥሁ፤ ተንከባለለች። ግትር ሴት ነኝና በጎን በኩል ላለብሰው ሞከርሁ፤ ክዳኑ ጠርዙን ወጣ አድርጎ ስለያዘው ጨርቁ ከቀዳዳዎቹ ራቅ ብሎ ተንጠለጠለ፣ አየሩም በመሀሉ እንደ ልቡ ይወጣል። መሸነፌን አመንሁ። በሕይወቴ ያላለበስሁት የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነው።

ማክሰኞ ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋት። ክር ይዤ ነበር፤ ግን አንድ ዙር እንኳ አልሠራሁም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ ዕድሜያችሁ የገፋ እናቶች፣ እዚያ ተቀምጬ ያሰብሁትን ልንገራችሁ። ምክር አይደለም፤ ከኔ ምክር የሚቀበል ሰው ራሱን ይመርመር።

ሰው ሁሉ የማለብሰው ለማሳመር ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን የማለብሰው ያላወቅሁትን ነገር እንዳላይ መሆኑን አወቅሁ። ቴሌቪዥኑን ያለበስሁት ሲገዛ ስለፈራሁት ነው። የልጄን ትምህርት ምን እንደሆነ ለዓመታት አልጠየቅኋትም፤ አብስዬ አበላለሁ፣ አጥቤ አለብሳለሁ፣ ሌላው የሷ ነው እያልሁ። ዛሬ እጠይቃለሁ። «ይህ በየት ይተነፍሳል?» እላለሁ፤ ስለ ስልኩም፣ ስለ ምጣዱም፣ ስለ ሁሉም። ማቴዎስ ሰለቸው። ደግሞ ወንዶች ቆመው ሲነጋገሩ አፌን መክፈት እንደምችል አውቄአለሁ። በእርግጥ የከፈትሁት ለማይሆን ነገር ነው፤ ግን ሰማይ አልተደፋም። ከምርቃቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ፣ ማቴዎስ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደኔ ዞሮ «ምን ትያለሽ?» አለኝ። እኔም ወደ ጓዳ ዞሬ ምሕረትን ጠየቅሁ። እሺ አለች። ጋሽ ጴጥሮስ ከተመስገን ልደት ጀምረው ተናገሩ፤ በጣም ረጅም ነበር፤ ጋሽ ዳናም በረዳቸው።

ቴሌቪዥኑ ግን አሁንም እንደለበሰ ነው። ሁሉን ባንድ ጊዜ አልችልም።

ወደዚያ ዛፍ ልመልሳችሁ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ምሕረት ሳጥኑን አቅፋ በበሩ ወጣች። ፊቷን ከሩቅ ለማንበብ ሞከርሁ፤ የልብ ምቴ እንደዚያ ባጃጅ ሆኖ አላስነብብ አለኝ። ደረሰችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ምን አሉሽ?»

«አንዱ መምህር 'አናቱን ለምን ዘቀዘቅሽው? ይህን የሚመስል አይቼ አላውቅም' አለኝ።»

«እሺ፣ ምን አልሽው?»

«እናቴ ዳንቴል እንዳታለብሰው አልኩት።»

«አንቺ ልጅ! ስሜን ጠራሽ?»

«አልጠራሁም። ሁሉም ሳቁ፤ ከዚያ አንዷ መምህርት 'የኔም እናት ታለብሰዋለች፤ እኛም ቤት ኮምፒውተሩ የተቃጠለው በዚሁ ነው' አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ዳንቴል እንጂ ስለ ሌላ አልጠየቁኝም።»

«እና?»

«አለፍኩ፣ እማዬ።»

ሳጥኑን ከእቅፏ ወስጄ ጭኔ ላይ አኖርሁት። ቀዝቃዛ ነበር። በጎን ባሉት ቀዳዳዎች ነፋሱ ይገባል፣ ይወጣል። ነጠላዬ ሸርተት ብሎ ክዳኑ ላይ ሊያርፍ ሲል ራሴ ሰበሰብሁት።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ።

አየኋት። ሳጥኑን አየሁት።

«ደህና ነኝ» አልኩ። ደህና ነበርሁ።